ጅብ በሁዳዴ ምን ይበላል? እና ሌሎች የአንባቢ ጥያቄዎች

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከወሎ ናቸው። ሦስቱን መርጫለሁ። ለማታውቁኝ፦ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ወረኢሉ ነው፣ አሁን የምኖረው ደሴ ነው። ላም አዋልዳለሁ፣ በግ እከትባለሁ። ልቤ ግን ሁልጊዜ ከበረቱ ውጭ ያለው እንስሳ ላይ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። የሳይንት ገበሬ ነኝ። ይህን የሚጽፍልኝ ልጄ ነው። በጎቼን ደጋው ጓሳ ላይ አሰማራለሁ። በኅዳር ሁለት ግልገል ጠፋብኝ። ጎረቤቶቼ ቀይ ቀበሮ ነው የበላብህ ይሉኛል። ከከተማ የሚመጡ ሰዎች ደግሞ ቀይ ቀበሮ አይጥ እንጂ በግ አይበላም ይላሉ። ማንን ልመን? ጭላዳውም ገብሴን አላስቀምጥ ብሎኛል። እኛ ተቸግረን እያለን ለአውሬ የሚቆረቆር ሰው ይገርመኛል።»

አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቅሬታዎ ገብቶኛል። ሁለት ግልገል ማለት የልጅ ደብተር ነው፣ የማዳበሪያ ዕዳ ነው። ስለዚህ «ቀይ ቀበሮ በግ በፍጹም አይነካም» ብዬ አልዋሽዎትም። አልፎ አልፎ ግልገል ይወስዳል፣ በተለይ እረኛ ሲርቅ። ግን ከመክሰስዎ በፊት አንድ ነገር ያስታውሱልኝ። ግልገሎቹ የጠፉት ቀን ነው ወይስ ማታ?

ይህን የምጠይቀው ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው የቀን እንስሳ ስለሆነ ነው። ማታ በረት ዳር የሚያንዣብበው ብዙ ጊዜ ተራው ቀበሮ ወይም ጅብ ነው። ተራው ቀበሮ ወደ ግራጫና ቢጫ ያደላል፣ ጀርባው ላይ ጠቆር ያለ ፀጉር አለው። ቀይ ቀበሮ እግሩ ረዥም፣ አፉ ቀጭንና ሹል፣ ገላው ቀይ ነው። ጉሮሮውና ደረቱ ላይ ነጭ አለበት፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር ነው። በምሽት ጭጋግ ሁለቱን መለየት ለእኔም ይከብደኛል። ሰው ሲናደድ ደግሞ ያየው ሁሉ ቀይ ይሆንበታል።

ታዲያ ቀይ ቀበሮ ምን በልቶ እንደሚኖር በምን ይታወቃል? በዓይነ ምድሩ ነው። ተሰብስቦ ይታጠባል፣ የቀረው ፀጉርና ጥርስ ይለቀማል። ባሌ ተራሮች ላይ እንዲህ ተደርጎ ሲታይ ከተበላው እንስሳ 96 በመቶው የአይጥ ዘር ነበር። እርግጥ ባሌ ሌላ፣ ወሎ ሌላ ነው። እኛ ጋ በግ ይበዛል፣ ሜዳውም ይጠባል። ቢሆንም የአፉ ሹልነት፣ የጥርሱ ማነስ፣ አደኑን ብቻውን መውጣቱ፣ ሁሉም ለአይጥ የተሠራ ነው።

አንድ ማለዳ ከሳይንት በላይ፣ ጅብራው በበዛበት ሜዳ ጫፍ ተቀምጬ ነበር። ውርጩ ገና ከሳሩ ላይ አልለቀቀም። ባና ተከናንቤ መነጽር ይዣለሁ። አንዲት ቀይ ቀበሮ ብቻዋን መጣች። አንድ ጉድጓድ አጠገብ ስትደርስ አንድ እግሯን እንዳነሳች ቀረች። የሚንቀሳቀሰው ጆሮዋ ብቻ ነው። ቀስ ብላ ሆዷ መሬት እስኪነካ ዝቅ አለች። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ዘለለች፣ ሁለት የፊት እግሯን ገጥማ አረፈች፣ አንዴ ነቀነቀችና ዋጠችው። አይጥ ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ልጅ በጎች ይጠብቃል። ዞር ብላም አላየቻቸው።

እንግዲህ ልጁን ልብ ይበሉልኝ። ልጁ ባይኖር ታሪኩ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ከጥቅምት እስከ ጥር ቀይ ቀበሮ የምትወልድበት ጊዜ ነው። ከመንጋው ብዙውን ጊዜ የምትወልደው አንዷ አለቃ ሴት ናት። ሌሎቹ አድነው እያመጡ ከሆዳቸው አስመልሰው ለቡችሎቿ ያበላሉ። የእርስዎ ግልገሎች የጠፉትም በኅዳር ነው። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ገና የተወለደ ግልገል ያለ እረኛ ሜዳ ላይ አይዋል። ማታ ደግሞ በረቱ ጣሪያም መዝጊያም ይኑረው። ይህ ከቀበሮውም፣ ከጅቡም፣ ከነብሩም ይጠብቅዎታል።

አሁን እኔ ልጠይቅዎት። ውሻ አለዎት? ተከትቧል?

ነገሩን ያዞርኩት እንዳይመስልዎት። ቀይ ቀበሮ ኢትዮጵያ እንጂ ሌላ አገር የለም። ለአቅመ መውለድ የደረሰው ከባሌ እስከ ሰሜን፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ተደምሮ 500 አይሞላም። ይህን ጥቂት ዘር በአንድ ጊዜ የሚጨርሰው ጥይት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በፈረንጆቹ 2003 በባሌ የዌብ ሸለቆ በሽታው ገብቶ ከአራቱ ሦስቱን ያህል ገደለ። ያመጣባቸው ውሻ ነው። ውሻው ደግሞ የእኛ ነው። ከከብት ጋር ደጋ ይወጣል፣ ሜዳ ላይ ያድራል፣ ከቀበሮ ጋር ይነካከሳል። ያው ውሻ ማታ ቤት ገብቶ ከልጅ ጋር ይተኛል።

ለክትባት ስንዞር አንድ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ቡችላውን ባናው ውስጥ ሸጉጦ፣ ዳገት ወጥቶ አመጣልን። ቡችላው ይንቀጠቀጣል። ልጁ መርፌውን እንዳያይ ዓይኑን በእጁ ሸፈነለት። የእንስሳ ጥበቃ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ያንን ልጅ ነው የማስታውሰው። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መስፋፋቱ ይቆማል። ልጅዎ ያንብብልዎትና ለጎረቤትም ይንገሩ፦ ውሻ የነከሰውን ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ። «ትንሽ ጭረት ናት» ተብሎ አይቆይም። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል።

ስለ ጭላዳው አጠር ላድርገው። ጭላዳ ሳር በል ነው። ከዝንጀሮ ዘር በዋናነት ሳር ግጦ የሚኖር ሌላ የለም። ቁጭ ብሎ በጣቱ እየነጨ ሲበላ ውሎ ማታ ገደል ገብቶ ያድራል። ገብስ ማሳው እየገፋ ገደሉ አፍ ድረስ ሲደርስ ግን ለእሱ ገብሱም ሳር ነው። እሸቱ ባለበት ሰሞን ከመጠበቅ የተሻለ መድኃኒት አላገኘሁም። ቢችሉ ከገደሉ አፍ ያለውን ጠርዝ ለሳር ይተዉት እላለሁ። መሬት በጠበበበት ዘመን ይህን ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አንድ የሚያስደንቅ ነገር ግን ልንገርዎት። ጭላዳ ውሻ ሲያይ ወደ ገደል ይሮጣል። ቀይ ቀበሮ መሃሉ ሲገባ ግን ዝም ብሎ ይግጣል። መንዝ ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ቆጥረው አይተውታል። ቀበሮው ጭላዳ መሃል ሆኖ ሲያድን 67 በመቶ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ ነው። ጭላዳው ሲግጥ አይጦቹን ይረብሻቸው ይሆናል፣ ወይም አይጧ ከዚያ ሁሉ እግር መሃል ቀበሮውን አትለየውም። አንዴ አንድ ቀበሮ የጭላዳ ልጅ ነጥቆ ነበር። መንጋው ተረባርቦ አስጣለው፣ ተመልሶ እንዳይገባም ከለከለው። የገበያ ደንብ ነው የሚመስለው፣ ካልሰረቅህ ግባ።

ለአውሬ የሚቆረቆር ሰው ይገርመኛል ብለዋል። ለእርስዎ ሳይቆረቆር ለአውሬ የሚቆረቆር ሰው እኔንም ይገርመኛል። መንዞች ጓሳውን ለዘመናት በራሳቸው ደንብ ሲዘጉና ሲከፍቱ የኖሩት ለቀበሮ ብለው አልነበረም። ለቤት ክዳን፣ ለከብት መኖ፣ ለክፉ ቀን ብለው ነው። ቀበሮው ግን በዚያው ተረፈ።

«እኔ የደሴ ነዋሪ ነኝ። ቤቴ ከከተማው ዳር ነው። አምና በሁዳዴ የጎረቤቴን አህያ ጅብ በላው። ሰውየው በአህያ እንጨትና ውሃ አመላልሶ ነው የሚኖረው። ሌላ ጊዜ ጅብ ሲጮህ እንሰማለን እንጂ እንዲህ አይደፍርም ነበር። ዘንድሮም ሁዳዴ እየደረሰ ነው። የሰፈሩ ሰው ሥጋ ላይ መርዝ እናድርግ እያለ ነው። ልጆች ስላሉኝ እኔም ልስማማ ነው። ምን ይመስልሻል?»

እህቴ፣ ስለ ጎረቤትሽ አዝኛለሁ። አህያ ለእንዲህ ያለ ሰው እጁም እግሩም ነው። መርዙን ግን እባካችሁ አታድርጉት። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። በመጀመሪያ ግን «በሁዳዴ» ያልሽውን ልያዝ፣ ምክንያቱም ሳታውቂው ትልቅ ጥያቄ ነክተሻል።

መቀሌ አካባቢ ዶክተር ግደይ ይርጋ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያንኑ ጥያቄ አንስተው ነበር። ጅቡ የሚኖረው ሰው በሚጥለው ሥጋና አጥንት ነው። ሰው 55 ቀን ሲፆም ሥጋ ቤት ይዘጋል። ታዲያ ጅቡ ምን ይበላል? ከፆሙ በፊት፣ በፆሙ ውስጥና ከፆሙ በኋላ የጅብ ዓይነ ምድር ሰበሰቡ። የአህያ ፀጉር የተገኘበት ከፆሙ በፊት 14.8 በመቶ ነበር። በፆሙ 33.1 በመቶ ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። ጥናቱ የታተመው በፈረንጆቹ 2012 ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት ቀን ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ። በጓዳችን የምናደርገው ነገር፣ ሽሮና ምስር የምንበላበት ወር፣ ዱር ያለ እንስሳ ሆድ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ወሎ ላይ ግን ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። እኛ ጋ በሁዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሲዘጋ የእስላም ሥጋ ቤት ይሠራል። ጅቡ ሙሉ በሙሉ አይራብም ማለት ነው? ወይስ የሚጣለው አጥንት ከሰፈር ሰፈር ስለሚለያይ አንዱ ሰፈር ጅቡ ይጠፋል፣ ሌላው ሰፈር ይደፍራል? የእናንተ ሰፈር ሰዎች በሁዳዴ የት እንደሚጥሉ፣ በፊትስ ምን ይጥሉ እንደነበር ጠይቂ። ጅቡ ዓመቱን ሙሉ የለመደው ማዕድ ድንገት ሲታጠፍ ቀጥሎ የሚያየው አህያውን ነው። ያስለመድነው እኛ ነን።

መርዙስ? ጅብ ብቻ በልቶት አያልፍም። መጀመሪያ የሰፈራችሁ ውሻ ይበላዋል። ጠዋት ጥንብ አንሳው ይወርዳል፣ አንድ በድን ላይ ብዙ ሆኖ ስለሚሰፍር በአንዴ ያልቃል። ጥንብ አንሳ ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ ሕንድ አሳይታናለች። ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ ጀምሮ ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ የተሰጠውን ከብት በድን እየበሉ ሦስት ዓይነት ጥንብ አንሳዎቿ ከመቶ ከ95 በላይ አለቁ። የተረፈውን በድን ውሻ ወረሰው፣ ውሻው በዛ፣ የእብድ ውሻ በሽታውም በዚያው ልክ አስጨነቃቸው። ለሳይንቱ ገበሬ የነገርኩት በሽታ ነው። እንግዲህ ደሴ ዳር የተደረገ መርዝ ደጋ ላይ ካለው ቀበሮ ጋር ምን ያገናኘዋል እንዳትይ።

የጅቡን ጥቅምም ልናገር። አያ ጅቦን ስንፈራው እንጂ ስናመሰግነው አልኖርንም። መቀሌ ላይ በሌላ ጥናት እንደተሰላው ጅቦች በዓመት 207 ቶን የከብት በድንና ትርፍራፊ ይበላሉ። በዚህም በዓመት አምስት ሰውን፣ 140 ከብት፣ በግና ፍየልን ከአባ ሰንጋና ከከብት ሳንባ ነቀርሳ ያድናሉ ተብሏል። አባ ሰንጋን በሥራዬ አይቼዋለሁ። እርጉም በሽታ ነው። ሌሊት ሌሊት ሰው ሳያየው ያንን የሚጠርግ እንስሳ ምስጋና አያንሰውም።

ይህን ስል ልጆችሽን ረስቼ አይደለም። ጅብ ሰው አይነካም የሚልሽን አትመኚ። በተለይ ሕፃንና ውጭ የተኛ ሰው ላይ አደጋ ያደርሳል። ልጆች ከመሸ በኋላ ብቻቸውን ውጭ አይውጡ። ሽንት ቤቱ ከቤት ራቅ ካለ ባትሪ ይዞ ትልቅ ሰው ይከተላቸው።

አህያውን በተመለከተ፣ የጎረቤትሽ አህያ የት ነበር ያደረው? አብዛኛው የሚበላው ደጅ ያደረ አህያ ነው፣ ወይም አርጅቶ የተለቀቀ። ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ ያበላንን እንስሳ ሲደክም ሜዳ ላይ መልቀቅ ለእኔ ከጅቡ ሥራ ይልቅ ይከብደኛል። ጋጣ ይሠራለት። አቅም ከሌለ ሰፈሩ ለመርዝ ያዋጣውን ብር ለእንጨትና ለሚስማር ያውለው። የእሾህ አጥር ይታጠርበት፣ በሩ ከውስጥ ይቀርቀር። ትርፍራፊ ሥጋና አጥንት ደግሞ ከቤት ጀርባ አይጣል። ሰፈሩ ተስማምቶ ከመኖሪያ የራቀ አንድ ቦታ ይወስን፣ ሁዳዴ ሲገባም በአንድ ጊዜ እንዳይቋረጥ ከቄራው ጋር ይነጋገር። ከሁሉ በፊት ደግሞ አሁኑኑ ጀምሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።

«በወሎ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የዱር እንስሳትን ማጥናት እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን "ሴት ልጅ ጫካ ለጫካ ስትዞር ማን ያገባታል፣ ደግሞስ ደመወዝ አለው?" ይሉኛል። መኪናም ካሜራም የለኝም። ከየት ልጀምር?»

የኔ እህት፣ መጀመሪያ ስለ ጋብቻው እናትሽን ላረጋጋት። እኔም ያንኑ ሰምቼ ነው ያደግሁት። የአምስት ልጆች አክስትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ደመወዙ ብዙ አይደለም፣ ይህን አልደብቅሽም።

ካሜራ አያስፈልግሽም። የሚያስፈልግሽ ደብተር፣ ጓንት፣ የወረቀት ከረጢት፣ የሻይ ወንፊትና የጥፍር ቀለም ነው። የጥፍር ቀለሙ ቀለም የሌለው ይሁን።

የጅብ ዓይነ ምድር ሲደርቅ ነጭ ነው። አጥንት ስለሚበላ ነው። እንደ ኖራ ከሩቅ ይታያል፣ ብዙ ጊዜም አንድ ቦታ ተደጋግሞ ስለሚጣል ለማግኘት አይከብድም። ያለ ጓንት አትንኪው፣ የሥጋ በል እንስሳ ዓይነ ምድር ወደ ሰው የሚተላለፍ የኮሶ ትል ዕንቁላል ሊኖረው ይችላል። ከረጢቱ ላይ ቀኑንና ቦታውን ጻፊ። ቤት ስትገቢ ዘፍዝፊው፣ በወንፊቱ እጠቢው። ኖራው ሁሉ ይሄድና ፀጉር ይቀርሻል። አንዷን ፀጉር አድርቀሽ፣ የማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ የጥፍር ቀለም ስስ አድርገሽ ቀብተሽ ከላዩ አስተኛት። ሲደርቅ ፀጉሯን ንቀያት። የፀጉሯ ቅርፊት ዐሻራ ቀለሙ ላይ ይቀራል። ማይክሮስኮፕ ስር የበግ ሌላ፣ የአህያ ሌላ፣ የፍየል ሌላ ነው። መጀመሪያ ግን ከሰፈርሽ አህያ፣ በግ፣ ፍየል፣ ላምና ውሻ አንዳንድ ፀጉር ለምነሽ የማወዳደሪያ አልበም ሥሪ። ይህ ሥራ አንድ ሳምንት ይፈጅብሻል፣ አትዝለይው።

እኔ የመጀመሪያዋን የአህያ ፀጉር የለየሁባትን ማታ አልረሳትም። መብራት ሄዶ ነበር። በባትሪ ብርሃን ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብዬ ቅርፊቶቹን ሳይ፣ ያ ጅብ የበላው አህያ ባለቤት ማን ይሆን ብዬ አሰብኩ። ይህ ሙያ እንስሳውን አሳይቶሽ አያበቃም፣ ሰውየው ቤትም ይወስድሻል። የአህያውን ባለቤት ሳትጠይቂ የጅቡ ነገር አይገባሽም። እዚህ ላይ ሴት መሆንሽ ይጠቅምሻል። ጓዳ ገብተሽ ከእናቶች ጋር ቡና እየጠጣሽ «ትርፍራፊውን የት ነው የምትጥሉት?» ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ወንዶቹ ባልደረቦቼ ያንን መልስ አምጥተውልኝ አያውቁም።

ጥያቄውን ደግሞ ከላይ ያለችው የደሴ እህታችን አዘጋጅታልሻለች። በሁዳዴ የእስላም ሥጋ ቤት በሚሠራበት ከተማ ጅቡ ከአህያ በፊት ሌላ የሚበላው ያገኛል ወይ? መቀሌ ላይ የተጠየቀውን ጥያቄ በወሎ ልክ ጠይቂው። ሁለት ሰፈር ምረጪ፣ አንዱ ሥጋ ቤቱ የሚዘጋበት፣ ሌላው የማይዘጋበት። ረመዳንንም አትርሺ፣ ያኔ የቤቱ ማዕድ ወደ ማታ ይዞራል፣ የሚጣለውም እንዲሁ። ዓይነ ምድሩን ጠዋት ሰብስቢ፣ ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ፣ ብቻሽንም አትሂጂ። ወንድምሽን ወይም ጓደኛሽን ያዢ።

ብቻ ቅበላ ሳያልፍ ጀምሪ። ከፆሙ በፊት ያለው ካመለጠሽ የምታወዳድሪበት አይኖርሽም፣ ዓመት መጠበቅ ነው። ማይክሮስኮፕ ካጣሽ በዚህ መጽሔት በኩል ጻፊልኝ። የእኔ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው አይነካውም።